ያረጀ ክንፍ ነዳጅ ሲያፈስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን «ያረጀ ወታደራዊ አውሮፕላን ክንፉ ሥር ትንሽ ነዳጅ ቢያረጥብም ሊበር ይችላል» አሉን። ይህ ገንዘብ ሲያጥር የሚመጣ ቸልተኝነት አይደለም? ውድ መሣሪያ በሌለበትስ ፍሳሹ እንዴት ይገኛል?
(ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ አስተማሪህ ልክ ናቸው። ግን ወሳኙ ነገር የሚያረጥበው የት ነው የሚለው ነው።

እንደ ሲ-130 ያሉ ወታደራዊ የጭነት አውሮፕላኖች ክንፋቸው ራሱ የነዳጅ ታንክ ነው። መጋጠሚያው በማሸጊያ ይደፈናል። ክንፍ በየበረራው ይተጣጠፋል፤ ማሸጊያውም በዓመታት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሮጌ ክንፍ ቢያረጥብ አይግረምህ።

ለመለካት ጨርቅ፣ ሰዓትና ማስመሪያ ይበቃሃል። ቦታውን አድርቀህ ጥረግ፤ ታልክ ፓውደር ነስንስበት፤ 30 ደቂቃ ጠብቅ። በተለመደው አመዳደብ የረጠበው ስፋት ከ2 ሴንቲሜትር ካነሰ ቀላል ነው። ወደ 10 ሴንቲሜትር ከተጠጋ ከባድ ነው። ከወረደና ከተንጠባጠበ አውሮፕላኑ ሳይጠገን አይነሳም። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥህ ግን የአውሮፕላኑ የራሱ ማንዋል ነው።

ጣጣው ምንጩን ማግኘት ነው። ነዳጅ በመጋጠሚያው ውስጥ ተጉዞ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ውጭ ባየኸው ላይ ማሸጊያ ብትለጥፍ ልፋትህ ከንቱ ነው። ታንኩ ይራገፍና ይናፈስ። ከዚያ አንዱ ከውጭ፣ ነዳጁ በወጣበት በኩል፣ አነስተኛ ግፊት ያለው አየር ይልቀቅ። ሌላው ከውስጥ ማሸጊያው ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባ። አረፋ የነፋው ቦታ ምንጩ ነው። በሂሊየም የሚሠራ መሣሪያ ካለ ሥራው ይፈጥናል፤ ከሌለም ሳሙናው ያገኘዋል። የጋዝና የኦክስጅን መለኪያ ግን የግድ ነው። ያለ እሱ ማንም ታንክ ውስጥ እንዳይገባ፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የሚባል ነገር የለም!

አሁን ወደ ቸልተኝነቱ ልምጣ። ነፋስ በሚያገኘው ክፍት ቦታ ላይ ያለ ትንሽ እርጥበት ክትትል ይበቃዋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በተለይ ትኩስ ቧንቧ ባለበት፣ ጠብታም ቢሆን አይታለፍም። የእንግሊዝ አየር ኃይል ኒምሮድ ኤክስቪ230 በ1969 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረ አውሮፕላን ነበር። መስከረም 2 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. አፍጋኒስታን ውስጥ፣ ካንዳሃር አቅራቢያ፣ በአየር ላይ ነዳጅ ከተቀበለ ብዙም ሳይቆይ በእሳት ተያያዘ። 14ቱም ሰዎች አለቁ። መርማሪዎቹ እንደደመደሙት ያመለጠ ነዳጅ ትኩስ የአየር ቧንቧ ነክቶ ነው። በዚያ ክፍል የእሳት ማስጠንቀቂያም ማጥፊያም አልነበረም። የነዳጅ ቧንቧዎቹ ማሸጊያ ጎማዎችም የሚቀየሩት ካፈሰሱ በኋላ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ አደጋውን የመረመረው የሃደን-ኬቭ ሪፖርት ወጪ ቅነሳውና ድርጅታዊ ለውጡ አመራሩን ከበረራ ደህንነት እንዳዘናጉት በግልጽ ጽፏል። ያንን ሪፖርት ሳነብ ንድድ ይለኛል። ጎማ መቀየር እኮ የደሃ አገር አየር ኃይል እንኳ የሚችለው ሥራ ነው።

አንተ ለመለማመጃ ደብተር ያዝ። የረጠበውን ቦታ፣ ስፋቱንና ቀኑን መዝግብ። ታንኩ ምን ያህል ሞልቶ እንደነበርም ጻፍ፤ ነዳጁ ሲጎድል ደርቆ የታየህ መጋጠሚያ ሲሞላ ሊያፈስ ይችላል።