«ክፍት ዑደት» ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም?

ጥያቄውን የላኩልኝ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያስተምሩ አንባቢ ናቸው። «ለጀማሪ ሠልጣኞች የኤሌክትሪክ ዑደት (ሰርኪዩት) ክፍትና ዝግ ተብሎ ይከፈላል ስላቸው፣ ክፍት ከሆነማ ጅረቱ፣ ማለትም በሽቦው የሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ ያልፋል ብለው ይመልሱልኛል፤ እኔ ደግሞ ክፍት ሲሆን አያልፍም እላለሁ። የተሳሳተው ማን ነው? የኃይል ምንጮችን ስንከፍልስ ተለዋዋጭ ጅረት ማለታችን ትክክል ነውን?» ይላሉ።

ሠልጣኞችዎ አልተሳሳቱም፤ የመለሱልዎት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሥርዐት ነው። በአማርኛ ቧንቧ ሲከፈት ውኃ ይወርዳል፣ ሬዲዮ ሲከፈት ይናገራል፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ምስል ይታያል፤ ሲዘጋ ሁሉም ያቆማል። «ከፈተ» በቤታችን የማሳለፍና የማስጀመር ግሥ ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ግን ክፍት የሚለው በሽቦው መካከል ክፍተት ስላለ ነው። ውኃ ለመፍሰስ ባዶ ቦታ ይሻል፤ ጅረትን ግን ያ ባዶ ቦታ፣ ማለትም አየሩ፣ ያግደዋል፤ ስለዚህ ለውኃ መክፈት የሆነው ነገር ለኤሌክትሪክ መዝጋት ይሆናል። ቃሉ ከባዕድ ቋንቋ እንዳለ ሲገለበጥ ይህን ልዩነት ያሰበበት ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዑደት የግእዝ ቃል ነው፤ ግሡ «ዖደ» ሲሆን ፍችውም ዞረ፣ ከበበ ነው። ከቆመ ቁመት፣ ከሖረ ሑረት እንደሚወጣ ሁሉ ከዖደም ዑደት ይወጣል። እህል የሚወቃበት ክብ ቦታ አውድማ የተባለው ከዚሁ ዘር ነው፤ ዐውደ ምሕረት፣ ዐውደ ርእይ፣ ዐውደ ዓመት የምንላቸውም እንዲሁ። ታቦት በበዓሉ ቀን ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ወደ መንበሩ ሲመለስ ዑደት አደረገ ይባላል። ሰርኪዩት የሚለው የውጭ ቃልም ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ዙሪያውን መሄድ ስለሆነ፣ ዑደት ብለው የተረጎሙት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም። ነገር ግን ወደ ተነሣበት ያልተመለሰ ጉዞ ዑደት አይባልም። ታቦቱ መንገድ ላይ ቢቀር ማንም «ክፍት ዑደት አደረገ» አይልም፤ ዑደቱ ተቋረጠ ይላል እንጂ።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የምመርጠው «የገጠመ ዑደት» እና «የተቋረጠ ዑደት» ማለትን ነው። ሽቦና ሽቦ ይገጥማል፤ በርንም «ግጥም አድርገህ ዝጋው» እንላለን፤ ቃሉ መነካካትንም መዘጋትንም በአንድነት ይይዛል። በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ እውነተኛ ችግር እንዳለ አልደብቅም። «አጭር ዑደት» የሚባለውን፣ ሕዝቡ «ኮንታክት» የሚለውን፣ በጥሩ አማርኛ «አቋራጭ ዑደት» ማለት ይገባ ነበር፤ ምክንያቱም ጅረቱ አምፖሉን ወይም ምድጃውን ትቶ ብዙ የሚያግደው ነገር በሌለበት መንገድ አቋርጦ ይሄዳል እንጂ የሽቦው ማጠር ቁም ነገር የለውም። የተቋረጠና አቋራጭ ግን ሁለቱም ከ«ቆረጠ» ስለሚወጡ፣ አንደኛው ጅረት የማያልፍበትን፣ ሌላኛው ከልክ በላይ የሚያልፍበትን ሲሰይሙ ለጀማሪ ጆሮ ይጋጫሉ። ስለዚህ በዚህ ቦታ ሕዝቡ ኮንታክት ማለቱን አልቃወምም፤ የሽቦዎቹን ንክኪ በትክክል ይናገራልና።

ክፍትና ዝግ መባሉን አጥብቀው የሚደግፉ አሉ። ተማሪው ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለሚቀጥል፣ የአማርኛው ስያሜ ከእንግሊዝኛው ጋር ቃል በቃል ቢገጥም ይቀልለዋል ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ሆኖም ቃል በቃል የገጠመው ስያሜ በመጀመሪያው ቀን ተማሪውን ወደ ተቃራኒው ፍች ከመራው፣ ቀለለለት የሚባለው ምኑ እንደሆነ አይገባኝም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። ባትሪ ቀጥተኛ ጅረት፣ የቤታችን መስመር ደግሞ ተለዋዋጭ ጅረት ይሰጣል ተብሎ ይከፈላል። የክፍፍሉ መሠረት አቅጣጫ ነው፤ መጠን አይደለም። በአገራችን የቤት መስመር፣ 220 ቮልት በሚሰጠው፣ ጅረቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ደርሶ ይመለሳል፤ አቅጣጫውን 100 ጊዜ ይቀይራል ማለት ነው። «ተለዋዋጭ» ግን ስለ አቅጣጫ የሚናገረው ነገር የለም፤ በሒሳብ ትምህርት ዋጋው የማይጸናውን ሁሉ ተለዋዋጭ እንላለንና። ጅረቱ ዳዮድ በሚባለው የኤሌክትሪክ ዕቃ በኩል ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲያልፍ ቢደረግ መጠኑ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በቃሉ ፍች ተለዋዋጭ ነው፣ በሙያው ክፍፍል ግን ወደ ኋላ ስለማይመለስ ከቀጥተኛው ወገን ይመደባል። ይህን ዐይነት ስሕተት የሚከላከል ቃል በእጃችን ነበር፤ እርሱም «ተመላላሽ» ነው። ከመለሰ ተመላለሰ፣ ከተመላለሰ ተመላላሽ ይወጣል፤ ተመላላሽ ታካሚ፣ ተመላላሽ ሠራተኛ ስንል የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሰው ማንም አይስተውም። ለጆሮዬም ተመላላሽ ጅረት ያምራል፤ ይህ የግል ምርጫዬ መሆኑን አምናለሁ።

ይሁን እንጂ መማሪያ መጻሕፍቱ ተለዋዋጭ ብለዋል፣ መምህራኑም ተቀብለዋል፤ ክፍትና ዝግም እንዲሁ ሥር ሰድደዋል። ፈተና በእነዚህ ቃላት ስለሚወጣ ሠልጣኞችዎን በእኔ ምርጫ ብቻ ያስተምሩ ብል እበድላቸዋለሁ። በሰሌዳው ላይ «ክፍት፣ ማለትም የተቋረጠ»፣ «ተለዋዋጭ፣ ማለትም ተመላላሽ» ብለው ጎን ለጎን ይጻፉላቸው፤ ቧንቧ መክፈትና ማብሪያ ማጥፊያ መክፈት የሚለያዩበትንም በዚያው ያስረዷቸው። በአንድ ነገር ብቻ አልለዝብም፤ ዑደትን በአልፋው አ «ኡደት» ብለው አይጻፉት፤ በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ነው ከዐውድ ጋር ያለው ዝምድና የሚታየው።