«ልጄ፣ ይኼ ፒዲኤፍ የምትሉት ምንድን ነው?» የእድራችን ሽማግሌዎች ጥያቄ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ባለፈው እሑድ የእድራችን ስብሰባ ሲያበቃ ሊቀ መንበሩ፣ «ስለ ስልክና ስለ ኮምፒውተር ፋይል የቸገራችሁን እሱን ጠይቁት» ብለው መሐል አስቀመጡኝ። ለአንድ ሰዓት የታሰበው እስኪመሽ ዘለቀ። ከተጠየቅሁት የሚበዛውን ከነመልሱ አቀርባለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከውጭ አገር የላከችልኝን ወረቀት ስከፍተው ፎቶ ይመስለኛል፤ ልጆቹ ግን «ፒዲኤፍ ነው» ይሉኛል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

እማማ፣ ዎርድ በሚባለው የኮምፒውተር መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ረቂቅ ነው። የከፈተው ሰው ሁሉ ቃል ሊጨምርበት፣ ሊሰርዝበት ይችላል። ፒዲኤፍ ግን ጽሑፉም ፊደሉም ማኅተሙም በየቦታቸው እንደ ተቀመጡ ተጠቅልሎ የሚላክ ገጽ ነው። ደጀን ላይ ቢከፍቱት፣ ልጅዎ ባለችበት አገር ቢከፈት፣ መልኩ ያው ነው። አዶቤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ለዚሁ ጉዳይ ነው፤ በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ስለሆነ ዛሬ ማንኛውም ስልክ ማለት ይቻላል ይከፍተዋል። ፎቶ የወረቀቱ ምስል ብቻ ነው።

ግራ ያጋባዎት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ወረቀት በስካነር ተነሥቶ ፒዲኤፍ ሲሆን ላዩ ጽሑፍ፣ ውስጡ ፎቶ ነው፤ ሰምና ወርቅ በሉት። ለመለየት አንድ ቃል ላይ ጣትዎን ጫን አድርገው ያቆዩ። ብዙውን ጊዜ ቃሉ ቀለም ከለበሰ ጽሑፍ ነው፤ ዝም ካለ ምስል ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው በፒዲኤፍ የመጣ ውል አይነካም ማለት ነው? (ይህን ያሉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ንግግሬን እንኳ አላስጨረሱኝም።)

አይደለም፣ ጋሼ። ብራናም ቢሆን ጸሐፊው በካራ ፍቆ ያርመው የለም? ፒዲኤፍን የሚፍቅ ፕሮግራም ሞልቷል። ቁጥር ቀይሮ፣ ስም ተክቶ መልሶ መላክ ለሚያውቅበት ሰው የደቂቃ ሥራ ነው። ገንዘብ ወይም ቤት ያለበት ጉዳይ ከሆነ ለላኪው ደውለው መጠኑን በቃል ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ከብዙ ዓመት በፊት በኮምፒውተር ያስጻፍሁት ቅኔ አለኝ። ሰሞኑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብናስከፍተው የፈረንጅ ፊደል ተዘበራርቆ ወጣ። ጠፋ ማለት ነው? (የቅኔ መምህር)

የኔታ፣ አልጠፋም። ያን ጊዜ የምንጽፍባቸው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች ለግዕዝ ፊደል የራሱ ቦታ ስላልነበረው የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው ይሠሩ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲኑን ቁጥር ነው፤ «ሀ» አድርጎ የሚያሳየን ፎንት የተባለው የፊደል ቅርጽ ነው። የዎርድ ፋይል ደግሞ በተለመደው አሠራር ፎንቱን ይዞ አይሄድም። ስለዚህ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ያገኘውን ላቲን እንዳለ ያወጣዋል። ለግዕዝ ፊደላት የራሳቸው ቁጥር የተሰጣቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ነው፤ ዩኒኮድ ማለት ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ነው። ስልክ ላይ አሁን የምንጽፈው በዚሁ ነው።

መላው ይኼ ነው። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ቅጂውን ይዘው የድሮው ፎንት የተጫነበት ኮምፒውተር ይፈልጉ፤ ሱቄ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ አንድ አለ። ሲከፈት ወዲያው ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ከዚያ በኋላ የትም ቢከፈት ይነበባል። ቀጥሎ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ይቻላል። ሲዛወር ግን ቁጭ ብሎ ማንበብ የግድ ነው። እኔ አንድ ጊዜ አንድ ረቂቅ ቀይሬ ሳላነበው አትሜ፣ «ኳ» እና «ቷ» በየገጹ ባዶ ሳጥን ሆነው ወጡ፤ ወረቀቱን በራሴ ኪሣራ ደግሜ አወጣሁ። ቅኔ ላይ ሲሆን ደግሞ «ሰ» በ«ሠ» ቦታ ቢገባ የሚያስተውለው ባለቤቱ ብቻ ነው። እኔ እቀይራለሁ፣ እርስዎ ያርማሉ።

ጥያቄ፦ መታወቂያዬን በስልክ አንሥቼ ብልክ ቢሮው «አይነበብም» ብሎ መለሰብኝ።

ስልክዎን አሳዩኝ አልኋቸው። ፎቶው ላይ የራሳቸው እጅ ጥላ መታወቂያውን ከግማሽ በላይ ሸፍኖታል፤ የቀረውን ደግሞ የስልኩ መብራት አንጸባርቆበት ነጭ ሆኗል። በአዳራሹ መስኮት አጠገብ፣ ጥቁር የመዝገብ ሽፋን ላይ አስቀምጠን፣ መብራቱን አጥፍተን፣ ከላይ ቀጥ ብለን እንደገና አነሣነው። የጉግል ድራይቭ መተግበሪያ ካለዎት ደግሞ «ስካን» የሚል ምርጫ አለው፤ ጠርዙን ራሱ ቆርጦ፣ የፊቱንና የኋላውን በአንድ ፒዲኤፍ ያደርጋል። በቴሌግራም ሲልኩ «ፎቶ» ሳይሆን «ፋይል» ብለው ይላኩት፤ ፎቶ ተብሎ ሲላክ ይጨመቅና ደቃቁ ጽሑፍ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ አውርጄ ያነበብሁት ወረቀት በማግስቱ የለም።

አለ። በቴሌግራም ከፍተው ያነበቡት ለጊዜው የተቀመጠው በቴሌግራሙ ቤት ነው። ከፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ነክተው «ወደ ማውረጃ አስቀምጥ» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያ በስልኩ «ፋይሎች» ውስጥ ይገኛል። ስሙንም ይቀይሩት። ቁጥር ብቻ የሆነን ስም ማንም አያስታውሰውም፤ «የውሃ ውል 2017» ቢሉት ግን ሲፈልጉ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ዓይኔ አይችልም።

በሁለት ጣት ገጹን ይለጥጡት፣ ስልኩንም አግድም ያዙሩት። ካልሆነ ሰው ያትምልዎት፤ ይኼ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ «የሠርግ ጥሪ» የሚል ፋይል ከማላውቀው ቁጥር መጣልኝ። ልክፈተው?

አይክፈቱት! አብረን ስናየው ስሙ ያለቀው «ኤፒኬ» በሚል ነበር። ይህ ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም እንጂ ወረቀት አይደለም። ከተጫነና ፈቃድ ካገኘ የባንክ መልእክትዎን ሊያነብ ይችላል። ጥሪ በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ ይመጣል፤ «ጫን» ወይም «ፍቀድ» ብሎ የሚጠይቅ የሠርግ ጥሪ አላየሁም። ከሚያውቁት ሰው ስልክ ቢመጣም እንኳ ደውለው ይጠይቁት፤ የሱም ስልክ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የመሬት ይዞታ ደብተሬን ስልክ ውስጥ ካስገባሁት ወረቀቱን ልተወው? (በመጨረሻ፣ ሁሉ ለመውጣት ከተነሣ በኋላ፣ ከጥግ ያሉ እናት)

እትዬ፣ አይሆንም። ስልኩ ውስጥ ያለው ቅጂ ነው። ደብተሩ ቢጠፋ ቁጥሩንና ወሰኑን ለማሳየት ይረዳዎታል፤ ዋናውን ግን አይተካም። ቅጂውን አንድ ለሚያምኑት ልጅዎ ይላኩለት፣ ስልክ ይሰበራልና። ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ እዚያው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

«እሱንማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ አይጥ እንዳይበላው ከበርበሬ ጋር ነው የማስቀምጠው» ብለውኝ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።