ካርቶኑን ክፈቱት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። ጆሮ ጠቢ ሆኜ አይደለም፤ ጠረጴዛው ተጠጋግቶ ነው። አንደኛው በስልኩ የምክር ቤት ስብሰባ እያየ ነበር። «መከላከያንም ሂሳብ ይጠይቃሉ እንዴ? ለሀገር የሚሞት ሰው ደረሰኝ ይዞ ይሙት?» አለ። ጓደኛው ሳቀበት። «ቢጠይቁስ! እጅ አውጥቶ ማጽደቅ ነው ሥራቸው፤ አንተ ደግሞ» አለው።

ሁለቱም አናደዱኝ። የመጀመሪያው መጠየቅ ነውር ነው ይላል። ሁለተኛው መጠየቅ ከንቱ ነው ይላል። ዞሮ ዞሮ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ ማለት ነው። ምንም ሳልናገር ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜ የሰው ወሬ ውስጥ ዘው ማለት ደስ አይልም። ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ይኸው እጽፍላችኋለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ኦዲተር ነኝ። 34 ዓመት ሠርቻለሁ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ አብዛኛውን ጊዜ ኮምቦልቻ ነበር። ጠዋት በሐረጎ ቁልቁል፣ ማታ በጉም ውስጥ ሽቅብ። ወታደር ሆኜ አላውቅም። ታዲያ ስለ መከላከያ ምን አገባህ ብትሉኝ፣ የሚያገባኝ በጫማ በኩል ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ እንድመረምር ተላክሁ። ለጥበቃ ሠራተኞች 120 ጥንድ የቆዳ ጫማ ተገዝቷል። ሰነዱን አገላበጥሁ። ሦስት ፕሮፎርማ አለ። የግዥ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ አለ። ደረሰኙ፣ ዕቃው ገቢ መሆኑን የሚያሳየው ሞዴል 19ኙ፣ ፊርማው፣ ማኅተሙ ሁሉ በቦታው ነው። ንብረት ክፍል ገብቼ ካርቶኖቹን ቆጠርሁ። ልክ ናቸው። «ጉድለት የለም» ብዬ ጻፍሁ።

ንብረት ክፍሉን የሚጠብቁት ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። «ልጄ፣ ቆጠርህ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ሞልቷል» አልኳቸው። «ካርቶኑን ነው የቆጠርኸው። ክፈተው እንጂ» አሉና ከኪሳቸው ምላጭ አወጡ። የመጀመሪያው ሲቀደድ ቁጥር 38። ሁለተኛው 38። ሦስተኛው 37። ጥበቃዎቹ 42 እና 43 የሚያደርጉ ወንዶች ናቸው። ጫማው ያንን ክረምት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ሰዎቹ ዝናብ ላይ በበረባሶ አደሩ። ወረቀቱ ግን እንከን አልነበረውም።

ከዚህ የባሰውን ልናዘዝ። ሪፖርቴን ቀየርሁት፣ ግን አለሳለስሁት። «ጫማው ለማንም አይሆንም» ማለት ሲገባኝ «የመጠን አለመጣጣም ታይቷል» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ «ሰው አታስቀይም» ስላለኝ ነው። አንብቦት የተቆጣ ሰው አልነበረም። እንዲያ ተደርጎ የተጻፈ ነገር ማንን ያስቆጣል?

እኛ ሙያ ውስጥ የፋይናንስና ሕጋዊነት ኦዲት የሚባል አለ፣ የክንዋኔ ኦዲት የሚባልም አለ። የመጀመሪያው ወረቀቱ ልክ ነው ወይ ይላል። ሁለተኛው ጫማው እግር ይገባል ወይ ይላል። መከላከያ ላይ ሁለተኛውን መጠየቅ ይበልጥ ይከብዳል፣ ይበልጥም ያስፈልጋል።

እንግሊዞችን ተመልከቱ። አጃክስ የሚባል ብረት ለበስ ተሽከርካሪ አዘዙ። 589 ተሽከርካሪ፣ በ5.5 ቢሊዮን ፓውንድ። በፈረንጆቹ 2017 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ነበር። ሲሞከር ጩኸቱና ንዝረቱ የራሳቸውን ወታደሮች ጆሮ ጎዳ፤ ሙከራው ቆመ። የሀገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ሪፖርት እስከ 2021 መጨረሻ 3.2 ቢሊዮን ፓውንድ ተከፍሎ የተረከቡት 26 ተሽከርካሪ ብቻ መሆኑን ጻፈ። ያው የእኔ ካርቶን ነው፣ ዋጋው ቢለያይም። የፓርላማቸው የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴ ከ1861 ጀምሮ ያለ ነው። በልማዳቸው ሊቀመንበሩ ከተቃዋሚ ወገን ነው። ባለሥልጣኖቹን አስቀምጦ ጠየቀ። ማንም «የወታደሩን ስም አጠፋችሁ» አላላቸውም ብዬ አልምልም። ግን ጆሮው የደነቆረው ወታደሩ ነው፤ ጥያቄውም የተጠየቀው ለእሱ ነው።

ጀርመኖች ደግሞ ከመግዛታቸው በፊት ነው የሚጠይቁት። ከ25 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሆነ የጦር ግዥ ውል ከመፈረሙ በፊት ለፓርላማው የበጀት ኮሚቴ ይቀርባል። እኔ ይኼኛው ይጥመኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የፈሰሰ ውሃ ስለካ ነው የኖርሁት።

ወደ እኛው እንመለስ። ያ ሻይ ቤት ያለው ልጅ ሕገ መንግሥቱን ቢያነብ ደስ ባለኝ። አንቀጽ 55 ንዑስ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርቶ የመጠየቅ፣ አሠራራቸውንም የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ከመከላከያ በስተቀር የሚል የለበትም። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል ይሆናል ይላል። አንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያዛል። መንገዱ ተጠርጓል፤ የሚሄድበት ነው የሚቸግረው።

ሜቴክን፣ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽንን፣ አስታውሱ። በ2002 ሲቋቋም በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ነበር። ስኳር ፋብሪካ፣ ማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የሕዳሴው ግድብ የብረታ ብረት ሥራ ተሰጠው። ኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቀርበው 37 ቢሊዮን ብር የሚሆን የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል አሉ። ሀገሩ ሁሉ ጉድ አለ። እኔ ግን ያን ቀን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት መሃል ስንት የመስክ ጉብኝት ተደርጎ ይሆን?

የመስክ ምልከታ ሲባል በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ አይቻለሁ። እንግዶች ይመጣሉ። ግቢው ከዋዜማው ይጠረጋል። ግንዱ ኖራ ይቀባል። አዳራሽ ውስጥ ውሃና ቆሎ ይደረደራል፣ ግራፍ ይታያል። ከዚያ ምሳ። በመጨረሻ አንዱ ተነሥቶ «የተሠሩ ሥራዎች አበረታች ናቸው፣ ተጠናክረው ይቀጥሉ» ይላል። አበረታች የሚለው ቃል ከአማርኛ ቢሰረዝ ስንት ሥራ በተሠራ! ወደ ንብረት ክፍል የሄደ ሰው አላየሁም። ምላጭ የያዘማ ጭራሽ።

ቁጥር ማንበብን ልንገራችሁ። የ2015 የፌዴራል በጀት 786.6 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 84 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ተያዘ። የ2016ቱ 801.65 ቢሊዮን ሲሆን የመከላከያው 50 ቢሊዮን ሆነ። ቢሊዮን ለሰው ዓይን አይታይም። እኔ ሁሌ ወደ መቶ ብር እመነዝረዋለሁ። በ2015 ከመቶ ብር 11 ብር ገደማ፣ በ2016 ከ6 ብር ትንሽ ከፍ ያለ። እንዲህ ሲመነዘር ጥያቄ ይወልዳል። ለምን ቀነሰ? የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈርሟል፤ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ታዲያ 84 ቢሊዮኑ ሲጸድቅ ስምምነቱ አልነበረም። ከተፈረመ በኋላ የተረፈ ነገር ነበር? ካለስ ወዴት ዞረ? ይህን በበጀት አዋጁ ላይ አታገኙትም። አዋጁ የሚነግራችሁ የታቀደውን ነው፤ የወጣው የሚታወቀው ሂሳብ ሲዘጋ ነው። የእኛ ሰው ሰኔ ላይ በጀት ሲጸድቅ ይጮሃል፣ ሂሳብ ሲዘጋ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ምስጢርስ? ምስጢር አለ። ጦሳ ላይ ስንት መድፍ አለ ብላችሁ አትጠይቁ፤ እኔም አልጠይቅም። ለዓመታት የሠራንበት የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ራሱ ለሀገር ደኅንነት ሲባል ከተለመደው አካሄድ መውጣትን ይፈቅድ ነበር። ግን የካልሲ ዋጋ ምስጢር አይደለም። የሬሽን ጥራት፣ የቆሰለ ወታደር የሚተኛበት አልጋ፣ የሟች ቤተሰብ ጡረታ በስንት ወር እንደሚደርስ፣ አንድ ኦራል የጭነት መኪና በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ምስጢር አይደለም። የእውነት ምስጢር የሆነውንም ቢሆን በራቸውን ዘግተው የሚሰሙ ጥቂት የምክር ቤት አባላት ሊኖሩ ይገባል። ለጠላት የተዘጋ በር ለባለቤቱም ከተዘጋ፣ ቤቱ የማን ነው?

አሁን ስለ አንድ ደብተር ልንገራችሁ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲጠጋ የሰፈራችን ሴቶች ለወታደሩ ስንቅ ያዋጡ ነበር። ሥራውን የያዘው ቅሬያችን ነው። ቅሬ ለአዲስ አበቤው እድር መሆኑ ነው። ጸሐፊዋ አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። ባለ 50 ሉህ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምረው ይጽፉ ነበር። ማን 20 እንጀራ፣ ማን ሁለት ኪሎ በሶ፣ ማን ጀሪካን አመጣ። በመጨረሻው መስመር ላይ ማን ወሰደው የሚል አለ። ያ መስመር ነው የገረመኝ። ስንቁን ሊወስዱ የመጡትን ልጆች፣ አቧራ የለበሱትን፣ «አንድ ጊዜ ስምህን ልጄ» ይሏቸዋል። ልጆቹም እየሳቁ ይፈርማሉ። ማንም አልተቀየመም።

ጥቅምት ውስጥ ከተማዋ ከእጅ ወጣች። ኅዳር 27 ተመለሰች። የሆስፒታሉንና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችን ዝርፊያ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ጸሐፊዋ ደብተሩን ሞሰብ ሥር ደብቀውት ኖሮ ተረፈ። ቅሬው መጀመሪያ ሲሰበሰብ አውጥተው አነበቡት። ሦስት ጀሪካን አልተመለሰም፣ አንዱ የእገሊት ነው፣ ይተካላት አሉ። ግማሹ ሰው ሐዘን ላይ ነበር። ቢሆንም «ለወታደር የተሰጠ ነገር ምን ይቆጠራል» ያለ አልነበረም። እንዲያውም የዚያ ቀን መዋጮ ሲጠየቅ ሁሉም እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የሚነበብ ደብተር እንዳለ ያውቃላ።

ከእናንተ አንዳንዳችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ እያነበባችሁ ነው። አንዳንዳችሁ ጋዜጠኛ፣ አንዳንዳችሁ የኮሚቴ ባለሙያ፣ ማን ያውቃል፣ የምክር ቤት አባል ትሆናላችሁ። ጥያቄ ስትጠይቁ ንግግር አታድርጉ። አስር ጥያቄ የጠየቀ ሰው አስር ጊዜ ይሸወዳል። አንድ ይዛችሁ ግቡ። ከመግባታችሁ በፊት የአምናውን ሪፖርት አንብቡ። «አምና እስከ ሰኔ ይወራረዳል ብላችሁ ነበር፣ ተወራረደ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከጩኸት ሁሉ ይበልጥ ላብ ያስጠምቃል። መልሱ «በሂደት ላይ ነው» ከሆነ፣ ሂደቱ ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ጠይቁ።

ደግሞ ሰውን ሁሉ ሌባ አታድርጉ። በሥራ ዘመኔ ካየሁት ጉድለት ብዙው ስርቆት አልነበረም። ስንፍና ነው፣ ይሉኝታ ነው፣ ያልተከፈተ ካርቶን ነው። ሌባ ብላችሁ ከገባችሁ ጨዋውም በሩን ይዘጋባችኋል፣ ሌባውም እሱን ከለላ አድርጎ ይቀመጣል። እኔ ያን ጊዜ ጫማውን የገዙትን ሰዎች ያለ ስድብ፣ ግን በግልጽ ቋንቋ ብጽፍባቸው ኖሮ ቢያንስ የሚቀጥለው ክረምት ይስተካከል ነበር። አላደረግሁትም። እስካሁን ዝናብ ሲጥል በረባሶ ያደረገ ዘበኛ ካየሁ ዓይኔን አዞራለሁ።

የፊታችን እሑድ የቅሬ ስብሰባ አለን። ሰባት ሰሃንና አንድ ትልቅ ድስት ጎድሏል ተብሏል። የዘንድሮው ንብረት ያዥ የገዛ አማቼ ነው። ባለቤቴ ከትናንት ጀምሮ «አንተ ዝም በል እንግዲህ» እያለችኝ ነው። ደብተሩን ከጸሐፊዋ ተውሼ ማታ ማታ እያነበብሁት ነው።