አረንጓዴው መብራት የማያውቀው ነገር

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ከስታዲየም እስከ ቸርችል ጎዳና ባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች መቆጣጠሪያ ክፍል ለምትገቡ እጽፋለሁ። እኔ ሥራ ስጀምር ፓምፕ የሚነሣው በእጅ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስነሣል፣ ራሱ ያጠፋል፤ የእናንተ ድርሻ መጠበቅ ነው። መጠበቅ ቀላል የሚመስለው ላልጠበቀ ሰው ነው።

አንድ ሌሊት ለገሀር አካባቢ ባለ የመኖሪያ ሕንፃ ተረኛ ነበርኩ። ከዘጠነኛ ፎቅ አንዲት እናት ውኃ ጠፋ ብለው ደወሉ። ሰሌዳው ላይ የፓምፑ መብራት አረንጓዴ ነው። «እየሠራ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ» አልኳቸው። ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ ሦስቴም ያንኑ መለስኩ። በመጨረሻ ምድር ቤት ወረድኩ። ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ከፓምፑ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ግን ተሰብሯል። የግፊት መለኪያው ቀስት ዜሮ ላይ ተኝቷል። ቧንቧውን በመዳፌ ያዝኩት፤ ውኃ ሲያልፍ የሚሰማው ንዝረት የለም። መብራቱ አልዋሸም። የሚያውቀው ሞተሩ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ብቻ ነበር፤ ውኃ ይወጣል የሚለውን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በማርች 1979 በአሜሪካ በስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የደረሰው አደጋም አንዱ ሥሩ ይኸው ነው። ግፊት ለማስተንፈስ የተከፈተ ቫልቭ ሳይዘጋ ቀረ። መብራቱ ግን የሚያሳየው የመዝጊያ ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም። ማቀዝቀዣው ውኃ ከ2 ሰዓት በላይ ሲፈስ ኦፕሬተሮቹ ውኃ የበዛ መሰላቸውና ማሽኑ በራሱ ያስነሣውን የድንገተኛ ጊዜ ውኃ ቀነሱት። ነዳጁ በከፊል ቀለጠ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ውኃውን ያስነሣው ማሽን ልክ ነበር፣ ሰዎቹም ሰነፎች አልነበሩም። መለኪያቸው ስለ ሌላ ነገር ሲናገር እነርሱ ስለ ቫልቩ ሰሙት።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንታችሁ የሽቦውን ሥዕል ይዛችሁ ከሰሌዳው እስከ ምድር ቤት በእግራችሁ ሂዱ። እያንዳንዱ መብራት ገመዱ የሚያልቀው የት ነው? ማብሪያው ላይ ነው ወይስ ውኃው ላይ? አለቃችሁን አስፈቅዳችሁም ፓምፑን በየጊዜው በእጅ አስነሡት፤ እጅ ካልለመደው በጨለማ አይታዘዝም።

ደግሞ የሚደውልላችሁን ሰው አድምጡ። እኚያ እናት ባልዲ ይዘው ቧንቧው ሥር ቆመው ነበር። ከሰሌዳዬ ይልቅ እርሳቸው ያውቁ ነበር፤ እኔ ግን ሦስት ጊዜ አስጠበቅኋቸው።