አዲሱ ክር ጣትሽን ከገደለሽ መጀመሪያ ብሪጁን እዪው

አዳማ ካለች አንዲት ሊድ ጊታር ተጫዋች የመጣ ጥያቄ ነው፣ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ቅዳሜና እሁድ ማታ ከባንድ ጋር ሆቴል ትሰራለች፣ ጊታሯ የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር) ቅርፅ ያለው ባለ ትሬሞሎ ነው፣ ማለትም ብሪጁን፣ ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበትን ብረት፣ በእጀታ ማነቃነቅ ይቻላል፣ እጀታውን ግን አትጠቀምም፣ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አንድ 9 ክር (ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት ነው) ሳትቀይር ስትጫወት ነበር። የአክስቷ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ሶስት ፓኬት ክር ይዞላት መጣ፣ አንዱ ተራው ኒኬል 10-46 (ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ክር)፣ አንዱ ስቴንለስ ስቲል 9-42፣ አንዱ ደሞ ኮትድ የሚባለው ሽፋን ያለው 10-46። ኒኬሉን አሰረችው። «ድምፁ ወፍራምና ጥርት ያለ ሆነልኝ፣ ግን ጣቴን ገደለኝ፣ ትዝታ ስጫወት ድምፁን ከፍ ላደርግ ክሩን ወደ ጎን ስስበው የፈለኩት ኖታ ጋ አይደርስም፣ ቅኝቱም አልቆም አለኝ። ጋሼ፣ ከሶስቱ ምርጥ ድምፅ ያለው የቱ ነው? ወደ 9 ልመለስ ወይስ ልልመደው?» ትላለች።

እሺ እህቴ። እዚ ሀዋሳ ጊታር ሊያሰራ የሚመጣ ልጅ ሁሉ ስለ ክር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ያወለቀው ክር ምን ያህል እንደቆየ ነው፣ አንቺ ሳልጠይቅሽ ነግረሽኛል፣ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ። በቃ፣ ድምፁ ወፈረ ጠራ ያልሽው ነገር አብዛኛው ከዛ ነው የመጣው። ያነፃፀርሽው 9ን ከ10 ጋር ሳይሆን የሞተ ክርን ከአዲስ ክር ጋር ነው፣ አዲስ 9 አስረሽ ቢሆንም ኖሮ ጥርት ይልልሽ ነበር። ሰው ብራንድ የሚያፈቅረውም እንደዚሁ ነው፣ ስድስት ወር የዛገ ክር ያወልቅና ያገኘውን አዲስ ያስራል፣ ከዛ «የዚህ ካምፓኒ ክር ሌላ ነው» እያለ ለጓደኛው ሁሉ ይሰብካል።

ክር ሲሞት ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለግሽ ያወለቅሽውን 9 ካልጣልሽው አምጪውና 4ኛውን ክር (ከቀጭኑ ሲቆጠር) በጥፍርሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂጂበት፣ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተተከሉት አግዳሚ ብረቶች) ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍርሽ ገባ ገባ ይላል፣ ብረቱ ተደፍጥጧል። ወፍራሞቹ ሶስት ክሮች መሀላቸው ላይ የብረት ልብ አላቸው፣ በላዩ ላይ ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፣ በጥምጥሙ መሀል ላብና የቆዳ ቆሻሻ ይገባና ክሩ እንደልቡ እንዳይንቀጠቀጥ ያደርገዋል፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ላይ ላዩ ቀጭኑ ብልጭ የሚለው ድምፅ ነው። ክብደቱም ቦታ ቦታ ላይ ስለሚለያይ 12ኛ ፍሬት ላይ ስትይዢው ቅኝቱ ይዛነፋል። ቲውነር (የቅኝት መለኪያ) ላይ ክፍቱ (ፍሬት ሳትይዢ ሲመታ) ልክ ሆኖ ኮርዱ ግን የሚያስጠላ ከሆነ ብዙ ጊዜ ክሩ ነው።

ስለዚ ክር ማወዳደር ከፈለግሽ እንዲህ አድርጊ፣ አዲሱን አስረሽ አንድ ሁለት ቀን ተጫወቺበት፣ የመጀመሪያዋ ብልጭልጭታ ትውጣ፣ ከዛ ስልክሽን አምፑ ፊት አንድ ቦታ ላይ አድርገሽ ቅጂ፣ ያው ፒክ፣ ያው ፒካፕ (ከክሮቹ ስር ሆኖ ንዝረታቸውን የሚሰማው ማግኔት)፣ የአምፑ ኖብ ምንም ሳይነካ፣ አንድ አይነት ነገር ነው መጫወት ያለብሽ። ቀጣዩን ክር ስታስሪ ደሞ ልክ እንደዛው ሁለት ቀን ቆይተሽ ቅጂ። ከዛ ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እያቀያየረ ያሰማሽ። ጆሮ ድምፅ ይዞ አይቆይም፣ ክር ቀይረሽ እስክትጨርሺ ድረስ የቅድሙን ረስተሽዋል፣ የምታስታውሺው መስሎሽ ነው። ባንድ ውስጥ ከድራምና ከኪቦርድ ጋር ሲሆን ደሞ ልዩነቱ ይበልጥ ያንሳል።

ስለ ብረቱ ባጭሩ። ሶስቱ ቀጫጭን ክሮች ኒኬል ተባለም ሌላ ተባለ ብዙ ጊዜ ያው ተራ የብረት ሽቦ ናቸው፣ ፓኬቱ ላይ የምታነቢው የብረት አይነት የሚመለከተው የተጠመጠሙትን ሶስቱን ነው። ሊድ ስትጫወቺ አብዛኛው ጊዜሽን ቀጫጭኖቹ ላይ ስለምታሳልፊ ኒኬል ወይስ ስቲል የሚለው ጭንቀት ላንቺ ትልቅ አይደለም፣ ሪትም ለሚመታው ልጅ ይበልጣል። በብዛት የሚሸጠው ኒኬል የተቀባ ብረት ነው፣ መሀከለኛ ነው፣ ላንቺ የመጣልሽ ተራውም እሱ መሆን አለበት። ንፁህ ኒኬል የሚባለው ለስለስ ያለ የድሮ ድምፅ ነው፣ ስቴንለስ ደሞ ሹል ነው፣ ጣት ስር ሻከር ይላል፣ ስትንሸራተቺበት ይጮሃል፣ ዝገት ግን ይችላል። በተረፈ ሱቅ ስትገዢ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፣ ጥምጥሙ እንደ ነሐስ ቀላ ያለ ከሆነ የቦክስ ጊታር ክር ነው፣ ነሐስ ማግኔት አይስበውም፣ ፒካፕሽ የሚሰማው ውስጡ ያለውን የብረት ልብ ብቻ ስለሆነ ወፍራሞቹ ክሮች ከቀጫጭኖቹ አንሰው ይቀሩብሻል። ባለሱቁ «ሁሉም የጊታር ክር ነው» ቢልሽ አትስሚው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጣትሽ። 10 ማለት 1ኛው ክር ውፍረቱ 0.010 ኢንች ነው ማለት ነው፣ ሩብ ሚሊ አካባቢ። ከ9 ጋር ያለው ልዩነት በአይን አይታይም፣ ግን የክሩ ክብደት በውፍረቱ ስኩዌር ስለሚጨምር ያው ቅኝት ላይ ለመድረስ ውጥረቱ ከ20 ፐርሰንት በላይ ይጨምራል። እንዳንቺ አይነት ባለ 25.5 ኢንች ጊታር ላይ 1ኛው ክር በ9 ወደ 6 ኪሎ ነው የሚጎትተው፣ በ10 ከ7 ኪሎ በላይ። ስድስቱን ስትደምሪ 9-42 ወደ 38 ኪሎ፣ 10-46 ወደ 46 ኪሎ ይመጣል። ጊታርሽ ላይ ስምንት ኪሎ ጨምረሻል ማለት ነው፣ እና ምንም ነገር ሳታስተካክዪ።

ስለዚ ጣቴን ደከመኝ ማለትሽ ልክ ነው፣ ጉልበት ይጨምራል። «ኖታው ጋ አይደርስም» ያልሽው ግን ከ10 አይደለም! ያልተጠመጠመ ብረት ክር ወፈረም ቀጠነም ኖታውን አንድ ቶን (ሁለት ፍሬት ያህል) ከፍ ለማድረግ የምትስቢበት ርቀት ያው ነው ማለት ይቻላል፣ የሚለየው የምታወጪው ጉልበት ነው። እንደድሮው ያህል ስበሽው ካልደረሰ አንድ ነገር እያመለጠሽ ነው፣ እሱም ብሪጁ ነው።

ትሬሞሎ ብሪጅ ሚዛን በይው፣ ከፊት ክሮቹ ይጎትቱታል፣ ከጀርባ ስፕሪንጎቹ ይይዙታል። ስምንት ኪሎ ከፊት ስትጨምሪበት ወደፊት ያዘነብላል፣ ኋላው ከገላው ላይ ይነሳል፣ ከሱ ጋር ክሮቹም ከፍሬቱ ይርቃሉ፣ ጣትሽ የሚደክመው በውጥረቱ ብቻ ሳይሆን ክሩ ከፍ ስላለም ነው። ከዛ አንዱን ክር ስትስቢ ብሪጁ አብሮ ወደፊት ይሸሻል፣ የሳብሽውን ያህል ኖታው አይወጣም፣ ሌሎቹ ክሮች ደሞ ይወርዳሉ። አሁኑኑ ሞክሪው፣ 6ኛውን ክር ክፍቱን ምቺና እየጮኸ እያለ 3ኛውን ክር በደንብ ሳቢው። 6ኛው ድምፁ ወረድ ካለ አገኘሽው። ትዝታ ላይ ደሞ ኖታውን ስበሽ አቆይተሽ ትንሽ አንቀጥቅጠሽ ነው የምትለቂው፣ እዛ ላይ ትንሽ ዝቅ ያለች ኖታ ወዲያው ነው የምትጋለጠው።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም፣ ስክሩድራይቨር ብቻ ነው። የጀርባውን ፕላስቲክ ክፈቺ፣ ስፕሪንጎቹ የተሰኩበት ብረት በሁለት ረጃጅም ብሎን እንጨቱ ላይ ተይዟል። ክሮቹን ትንሽ አላቂያቸው፣ ሁለቱን ብሎኖች እኩል ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቂ፣ ቃኚው፣ ብሪጁን ከጎን እዪው። አሁንም ተነስቶ ከሆነ ድገሚው። ባንዴ ብዙ አታዙሪ፣ ስታጠብቂ ቅኝቱ ስለሚወጣ ሳታስቢው 1ኛውን ክር ትበጥሺዋለሽ። ብሎኖቹ መሄጃ ካጡና ያሉት ሶስት ስፕሪንግ ብቻ ከሆኑ አራተኛ ጨምሪ። አንቺ የትሬሞሎውን እጀታ እንደማትጠቀሚ ነግረሽኛል፣ እንግዲያው ምን አስቸገረሽ፣ ብሪጁ ገላው ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪተኛ አጥብቂው። ክር ስትስቢ አይነቃነቅም፣ ስቴጅ ላይ አንድ ክር ቢበጠስብሽ እንኳን የቀሩት አይዛነፉም። አንዳንዱ ጊታሪስት ብሪጁ ሲንሳፈፍ ድምፁ ይሻላል ይላል፣ ይሁንለት፣ ለሆቴል ስራ ግን የቆመ ቅኝት ነው የሚበልጠው።

ብሪጁ ሳይስተካከል አንገቱን እንዳትነኪ፣ ሁሌ የማየው ጥፋት እሱ ነው፣ ክሩ ከፍ አለ ብለው ቀጥታ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን፣ ጉብጠቱን የሚያስተካክለውን ዘንግ) ያዞሩታል። ብሪጁ ከተኛ በኋላ በልኩ ቃኚና 6ኛውን ክር አንደኛ ፍሬት ላይና አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ባንዴ ያዢው፣ 7ኛ 8ኛ ፍሬት አካባቢ ክሩና ፍሬቱ መሀል ሁለት የፎቶኮፒ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አንገቱ ደህና ነው ተይው። ከዛ በጣም ከሰፋ ትረስ ሮዱን ሩብ ዙር አጥብቂና ትንሽ ቆይተሽ እንደገና ለኪ፣ እጅሽ ከፈራ ባለሙያ ጋ ውሰጂው። የክሩን ከፍታ 12ኛ ፍሬት ላይ ወፍራሙን ወደ 2 ሚሊ፣ ቀጭኑን 1.5 አካባቢ ብታደርጊው ለመሳብ ይመቻል፣ ከዛ በታች ካወረድሽው ስትስቢ ድምፁ መሀል ላይ ታንቆ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ኢንቶኔሽኑ (ቅኝቱ አንገቱ ላይ ሁሉ ልክ መሆኑ)፣ 12ኛ ፍሬት ላይ ይዘሽ ስትመቺው ከሃርሞኒኩ (እዛው ላይ ክሩን ሳትጫኚ ነካ ብቻ አድርገሽ ከሚወጣው ድምፅ) ከፍ ካለ የዛን ክር ኮርቻ (ብሪጁ ላይ የሚያርፍባትን ትንሽ ብረት) ወደኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደፊት።

ቅኝቱ አልቆም ያለሽ ግማሹ የብሪጁ ነው፣ ግማሹ ደሞ ነቱ ሊሆን ይችላል፣ ከመቃኛ ቁልፎቹ በታች ክሩ የሚያልፍባት ነጯ ነገር። ለ42 የተቆረጠ ቦይ ውስጥ 46 ሲገባ ይጣበቃል፣ ስትቃኚ «ጠቅ» የሚል ድምፅ እየሰማሽ ኖታው ዘሎ የሚሄድ ከሆነ እሱ ነው። የእርሳስ ጫፍ ቦዩ ውስጥ አሽው፣ ካልበቃው በፋይል ማስፋት ነው፣ እሱን ግን ለሚያውቅ ሰው ስጪ፣ ትንሽ ካለፈ ነቱ ይቀየራል። አዲስ ክር ደሞ ካሰርሽው በኋላ በእጅሽ ከፍ ከፍ አድርገሽ ዘርጊው፣ ቃኚ፣ ድገሚ፣ እስኪቆም።

እንግዲህ ከሶስቱ የቱ? ያሰርሽውን 10 አታውልቂው። ብሪጁን አስተካክለሽ ሁለት ሳምንት ያህል ስሪበት፣ አብዛኛው ሰው በዛ ጊዜ ይለምደዋል። ባንዱ ለዘፋኙ ብሎ ግማሽ ቶን አውርዶ የሚጫወት ከሆነ ደሞ ጭራሽ ጥሩ፣ 10 ግማሽ ቶን ሲወርድ ጠቅላላ ውጥረቱ ወደ 41 ኪሎ ይመጣል፣ ለ9 የቀረበ ነው፣ እዛ ላይ 9 ብታስሪ እጅሽ ውስጥ ይለሰልስና ጠንከር አድርገሽ ስትመቺው ኖታው ይወላገዳል። ከዛ በኋላም ጣትሽ እምቢ ካለ አትታገዪ፣ ወፍራም ክር ካልሆነ ድምፅ የለም የሚለው የወንዶች ፉክክር ነው፣ በ9 እና ከዛም በቀጠነ ክር ስንት ትልቅ ድምፅ ያወጡ አሉ። 9-46 የሚባል የተቀላቀለ ፓኬት አለ፣ ቀጫጭኖቹ የ9፣ ወፍራሞቹ የ10፣ ላንቺ አይነት አጨዋወት እኔ ብጠየቅ እሱን ነው የምመርጠው።

10 ከተስማማሽ ቀጥሎ የምታስሪው ኮትዱን ነው፣ ውፍረቱ ያው ስለሆነ ምንም ማስተካከል የለብሽም፣ ለአዳማ ሙቀትና ለእጅ ላብም የተሻለው እሱ ነው። ጣት ስር ያሙለጨልጫል፣ መጀመሪያ ሊያስጠላሽ ይችላል፣ ፒክ የሚመታበት ቦታ ላይ ሽፋኑ እየተላጠ ፀጉር ፀጉር ሲያወጣ ብታዪ አትደንግጪ። ዋጋው ግን ከተራው በጣም ስለሚበልጥ ራስሽ የምትገዢ ከሆነ ተራውን ገዝተሽ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። ለማንኛውም ስራ ስትጨርሺ ክሩን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ከላይም ከስርም ጥረጊው፣ ከስር የሚጠርግ ሰው የለም እንጂ ዝገት ከዛም ይጀምራል። ክር መቀቀል የሚባለውም ይሰራል፣ ወፍራሞቹን አፍልተሽ ወዲያው ብታደርቂያቸው ለጥቂት ቀን ነፍስ ይዘራሉ፣ ግን እንደገና ሲጠመዘዙ ቁልፉ ጋ ሊበጠሱ ይችላሉ፣ ለቤዝ ተጫዋች ያዋጣው ይሆናል እንጂ ለኛ አያዋጣም።

ስቴንለሱን 9-42 ለጊዜው አስቀምጪው። እሱን ካሰርሽ ውፍረቱም ብረቱም ባንዴ ስለሚቀየር ምኑ ምን እንዳደረገ አታውቂም፣ ብሪጁንም እንደገና ማስተካከል ይመጣል፣ በዛ ላይ ስቲሉ ከፍሬትሽ ይጠነክራል፣ ክር እንደምትስቢው ከሆነ ፍሬቱን ቶሎ ይበላዋል፣ ፍሬት ማስቀየር ደሞ ከክር ዋጋ ጋር አይወራም። ሪትም የሚመታው ልጅ ካለ በተራ ኒኬል ቀይሪው። ብሪጁን አጥብቀሽ አልተኛም ካለሽ ከጎኑና ከጀርባው ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ስፕሪንጎቹ በደንብ እንዲታዩ አድርገሽ።