ጀርም የሌለበት የአጥንት ሕመም፦ ልጄ ማስታገሻ እየወሰደች እስከ መቼ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። መጀመሪያ ቅልጥሟን፣ ቀጥሎ ከአንገቷ ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንት ማመም ከጀመራት ስምንት ወር ሆነ። ሌሊት እያለቀሰች ትነቃለች። የአጥንት ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ወሰደች፣ ምንም ለውጥ የለም። ከአጥንቷ ናሙና ተወስዶ ጀርምም ካንሰርም አልተገኘም። አሁን ሐኪሟ «ሲአርኤምኦ ነው» ብሎ ናፕሮክሲን ለወራት አዘዘላት። በማስታገሻ ብቻ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ስምንት ወር ሙሉ ልጅ ሌሊት እያለቀሰች ስትነቃ ማየት ምን እንደሚያደርግ ይገባኛል። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላስተካክል። ናፕሮክሲን እዚህ ላይ ማስታገሻ ብቻ አይደለም። ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው ሕክምና እሱ ነው።

ሲአርኤምኦ ማለት ቶሎ የማይለቅ፣ እየሄደ የሚመለስ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ አጥንት የሚይዝ ብግነት (የአጥንት መቆጣት) ነው። የሰውነት መከላከያ ጀርም ሳይኖር አጥንት ውስጥ እሳት ያነዳል። አንቲባዮቲኩ ያልሠራውም ለዚህ ነው፤ የሚገድለው ነገር አልነበረም። ሐኪሞቹን አይቀየሟቸው፣ በራጅ ሲታይ ከኢንፌክሽን ጋር በጣም ይመሳሰላል። ናሙና የተወሰደውም ኢንፌክሽንና ካንሰር አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው።

ናፕሮክሲን ብግነቱን የሚያበርደው በሰዓቱ ሲወሰድ ነው። ሲያማት ሰጥተው ሲሻላት ካቆሙት መሥራት አለመሥራቱን ማንም ሊያውቅ አይችልም። መጠኑ በክብደቷ ይሰላል፣ ብዙውን ጊዜ ጠዋትና ማታ ነው፣ ምግብ በልታ ትውሰደው። አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይጨምሩበት፣ ሆዷንና ኩላሊቷን ይጎዳል። ተጨማሪ ማስታገሻ ካስፈለጋት ፓራሲታሞል ይሆናል። ብዙ የሚያስመልሳት ወይም የሚያስቀምጣት ከሆነ፣ ወይም ሰገራዋ ከጠቆረ፣ መድኃኒቱን ከመቀጠልዎ በፊት ሐኪሟን ያናግሩ። ለረጅም ጊዜ ስለምትወስደው የደምና የሽንት ምርመራም በየጊዜው ያስፈልጋታል።

ብዙ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀላቸዋል፤ በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመፍረድ ግን እስከ ሦስት ወር መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ጀርባዋ ነው። መላ ሰውነቷ በኤም አር አይ ታይቷል? ካልታየ ይጠይቁ። ይህ ብግነት ምንም ሳያም አከርካሪ ውስጥ ሊቀመጥና አጥንቱ ተጨፍልቆ እስኪያጥር ድረስ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። አከርካሪ ከተነካ ናፕሮክሲንን ብቻ ይዞ ወራት መቁጠር ልክ አይመስለኝም።

ያኔ፣ ወይም ናፕሮክሲን ካልበቃት፣ ሌሎች መንገዶች አሉ። በደም ሥር የሚሰጡት ፓሚድሮኔት ወይም ዞሌድሮኒክ አሲድ አጥንት የሚበሉትን ሴሎች ያዳክማሉ፣ ሕመሙንም ብዙ ጊዜ ቶሎ ያስታግሳሉ። ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት ሊኖር ስለሚችል አይደንግጡ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ካልሲየሟና ቫይታሚን ዲዋ ይለካ፣ ጥርሷም ይታይ። የሰውነት መከላከያን የሚያረጋጋው ሜቶትሬክሴትም አለ፤ እሱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው፣ በየቀኑ መስጠት አደገኛ ነው። ብግነት የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር የሚያግዱ እንደ አዳሊሙማብ ያሉ መርፌዎች ደግሞ ከመጀመራቸው በፊት የቲቢ ምርመራ ይጠይቃሉ። ስቴሮይድ የሆነው ፕሬድኒሶሎን በፍጥነት ያበርዳል፣ ግን ዕድገትን ስለሚገታና አጥንትን ስለሚያሳሳ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ አልመርጠውም።

ጨዋታ አይከልክሏት። አከርካሪዋ ካልተነካ ሕመሟ እስከፈቀደላት ትሩጥ፤ ተኝቶ መዋል ጡንቻዋን ያደክመዋል እንጂ አይጠቅማትም። ቆዳዋ ከተላላጠ፣ መዳፏ ወይም ውስጥ እግሯ ላይ መግል የያዘ ሽፍታ ከወጣ፣ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ ግን ለሐኪሟ ይንገሩ። ከዚህ በሽታ ጋር አብረው የሚታዩ የቆዳና የአንጀት ሕመሞች አሉ።

እግሯ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። ከፍተኛ ትኩሳት፣ መገርጣት፣ መክሳት ወይም ያለ ምክንያት የቆዳ መበለዝ ካዩም በፍጥነት ትመርመር።

ሕመሙ ለዓመታት ሊመላለስ ይችላል፣ በመካከሉ ግን ፀጥ የሚልበት ረጅም ጊዜ አለ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሌሊት የነቃችባቸውን ቀናትና የሚያማትን ቦታ ጽፈው ይሂዱ። የልጆች ሩማቶሎጂስት (የመገጣጠሚያና የአጥንት ብግነት ሐኪም) ማግኘት ከቻሉም ክትትሏ እዚያ ቢሆን እመርጣለሁ።