«አትፍረዱ» እየተባለ ለጁሪ መቀመጥ ይገባናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ ብዙም አልቆየሁም። ሰሞኑን ከካውንቲው ፍርድ ቤት ለጁሪ (ከተራ ዜጎች ተመርጠው፣ ክርክሩን ሰምተው ፍርድ ለሚሰጡት ሰዎች ጉባኤ) እንድቀርብ መጥሪያ መጣልኝ። ጌታ «አትፍረዱ» ብሎናል፤ ሰው ላይ ፈርጄ ንጹሕ ሰው ቢታሰርስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞ ያስምላሉ ይባላል፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መማል እፈራለሁ። ጓደኞቼ «እንግሊዝኛ አልችልም በይ፣ ወይም ሃይማኖቴ መፍረድ አይፈቅድም ብለሽ ተገላገይ» ይሉኛል። ቀኑ የዋለው ደግሞ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነው። በሰዓት የምከፈል አረጋውያንን የምንከባከብ ሠራተኛ ስለሆንኩም መቅረቱ ይጎዳኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅቴ፣ ሂጂ። ጓደኞችሽ የመከሩሽን ግን አታድርጊ። ያስጨነቀሽ ፍርዱ ነው፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ምክራቸው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር።

እንግሊዝኛ እየቻልሽ አልችልም ማለት ውሸት ነው። በመጥሪያው ቅጽ ላይ የምትፈርሚው የጻፍሽው እውነት ስለመሆኑ በሕግ ተጠያቂ ሆነሽ ነው። በእውነት ቋንቋው የሚያስቸግርሽ ከሆነ ደግሞ ያንኑ መጻፍ መብትሽ ነው፤ በፌዴራል ሕግ ለጁሪ የሚመረጥ ሰው እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍና መረዳት መቻል አለበት። አንዳንዱም «ዜጋ አይደለሁም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይመልሰዋል። ዜጋ ሆኖ እንዲህ የሚያደርግ በገዛ እጁ መዘዝ ይጠራል፤ በአንዳንድ ግዛቶች ይህ መልስ ወደ መራጮች መዝገብ ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል። በግሪን ካርድ ያሉ ወገኖቻችንም ስማቸው ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ተወስዶ መጥሪያ ሊደርሳቸው ስለሚችል፣ እነርሱ ዜጋ አለመሆናቸውን በእውነት ጽፈው ይመልሱ። ፈርተው ዝም አይበሉ፤ ዜጋ ነን ብለውም ፈጽሞ አይቅረቡ።

«ሃይማኖቴ አይፈቅድም» የሚለው ግን ከሁሉ ይከብደኛል። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ብላ አታውቅም። ለራስሽ መገላገያ ብለሽ ያላለችውን ብለሻት ዳኛ ፊት ስትቆሚ የሐሰት ምስክርነት የምትሰጪው በእናትሽ በቤተ ክርስቲያን ላይ ነው። ሕሊናው በእውነት የማይፈቅድለት ሰው ካለ፣ «እኔ በግሌ በሰው ላይ ውሳኔ መስጠት አልችልም» ብሎ ለዳኛው በግልጽ ይንገር፤ ዳኛው ሰምቶ ይወስናል። ያ ሐቀኝነት ነው። ካህናትና ዲያቆናት ደግሞ በዓለማዊ ሥራ እንዳይጠመዱ የሚያዝዝ የሐዋርያት ቀኖና ስላለ ለብቻው የሚታይ ነው፤ ሀገረ ስብከታቸውን ይጠይቁ። አንቺ ግን ምእመን ነሽ።

ወደ «አትፍረዱ» እንምጣ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ» ካለ በኋላ ወዲያው የተናገረው በዓይኑ ምሰሶ ተሸክሞ በወንድሙ ዓይን ጉድፍ ስለሚፈልግ ግብዝ ነው። የወንድምን ነፍስ መኮነን፣ በልብ ዙፋን ላይ ተቀምጦ «ይሄ ሰው አይድንም፣ ይሄ ሰው አይረባም» ማለት ነው የተከለከለው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህንን ቃል ሲተረጉም ጌታ ማናቸውንም ፍርድ እንዳልከለከለ አስተምሯል፤ ቢከለክልማ ኖሮ ሐዋርያው ጢሞቴዎስን «ዝለፍ፣ ገሥጽ» ብሎ እንዴት ያዝዘው ነበር? ራሱ ጌታም በዮሐንስ ወንጌል 7፥24 «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» ብሏል። ፍርድን አላስቀረም፤ ቅን እንዲሆን አዘዘ።

በዚያ ክፍል ውስጥ የምትጠየቂውም ሰውየው ክፉ ነው ወይስ ደግ ተብሎ አይደለም። ከሳሹ ያቀረበው ክስ በማስረጃ ተረጋግጧል ወይስ አልተረጋገጠም? ይኸው ነው። በወንጀል ጉዳይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ከቀረሽ «ጥፋተኛ አይደለም» ማለት ግዴታሽ ነው። ቅጣቱን የሚወስነውም በአብዛኛው ዳኛው እንጂ ጁሪው አይደለም። ይህን የምልሽ ሸክሙ ቀላል ነው ለማለት አይደለም፤ ከባድ ነው። ሸክሙ ግን የዚያን ሰው ነፍስ የመኮነን ሸክም አይደለም።

ንጹሕ ሰው ቢታሰርስ ያልሽው ፍርሃትሽን አትጣዪው፤ ወደ ክፍሉ ይዘሽው ግቢ። የሶስናን ታሪክ ታስታውሻለሽ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ያውም የሕዝብ ፈራጆች፣ በዝሙት ከሰሷት። ጉባኤው ሽማግሌነታቸውንና ማዕረጋቸውን አይቶ አመነ፤ ሞት ተፈረደባት። ወደ መገደያዋ ሲወስዷት ዳንኤል የሚባል ወጣት «እኔ ከዚህች ሴት ደም ንጹሕ ነኝ» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ምን አደረገ? ምስክሮቹን ለያያቸው። አንዱን ለብቻው «በየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» አለው፤ ሌላውንም እንዲሁ። የዛፉ ስም አልገጠመም። ያቺ ሴት የዳነችው አንድ ሰው ደፍሮ ስለ ጠየቀና በጥንቃቄ ስላዳመጠ ነው። ዳንኤል «እኔ ፍርድ ውስጥ አልገባም» ብሎ ወደ ቤቱ ቢሄድ ኖሮ ሶስና ሞታ ነበር። ንጹሕ ሰው እንዳይታሰር የምትፈሪ አንቺ ከቀረሽ፣ ቦታሽን የሚይዘው ስለዚህ ነገር ጭንቅ የማይለው ሰው ሊሆን ይችላል።

ስለ ወገኖቻችንም አስቢ። የእኛ ልጅ ታላቅ ሰው ፊት ሲቆም አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል። እኛ ጨዋ ነው እንላለን። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ጥፋት ደብቋል ሊል ይችላል። ከየአገሩ የመጣ ሰው በጁሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሌላው የማያየውን ያያል። ሆኖም ለሐበሻ ታዳያለሽ ማለቴ አይደለም! ኦሪት ዘሌዋውያን ለድሀ እንኳ እንዳናዳላ ያዝዛል። ተከሳሹን ወይም ከሳሹን የምታውቂው ከሆነ፣ አንድ ደብር የምታስቀድሱ ብትሆኑ እንኳ፣ ጁሪው ከመመረጡ በፊት በሚጠየቀው የማጣሪያ ጥያቄ ጊዜ ተናገሪ፤ ያሰናብቱሻል። የጁሪ መጥሪያ የደረሰው ሁሉም አይመረጥም፤ ብዙዎች ሲጠብቁ ውለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ከተመረጥሽ በኋላ ከባዱ ሰዓት ጁሪዎቹ ለብቻቸው የሚመክሩበት ነው። ሰው ይደክማል፤ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። ሁሉም አንድ ነገር ብለው አንቺ ብቻ ጥርጣሬ ቢቀርሽ ሊገፉሽ ይችላሉ። ኦሪት ዘጸአት 23፥2 «ክፉን ለማድረግ ብዙ ሰዎችን አትከተል» ይላል፤ የአገሩም ሕግ ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። ቀድሞ በሉዊዚያናና በኦሬገን ከ12ቱ የ10ሩ ድምፅ ሰውን ለማስፈረድ ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በከባድ ወንጀል ማንንም ጥፋተኛ ለማለት በሁሉም ግዛቶች የጁሪው ሙሉ ስምምነት ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ያንቺ አንድ ድምፅ ትርፍ ድምፅ አይደለም። ኒቆዲሞስ በሸንጎው መካከል «ሕጋችን አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማ ምንስ እንዳደረገ ሳያውቅ በሰው ይፈርዳልን?» ሲል ብቻውን ነበር፤ ዘለፉት። የአርማትያሱ ዮሴፍም የሸንጎው አባል ሆኖ ሳለ «በምክራቸውና በሥራቸው አልተባበረም ነበር» ተብሎ በሉቃስ ወንጌል ተጽፎለታል። ግን ስሚ፤ ግትርነትም ቅንነት አይደለም። የሌላውን ቃል በደንብ ሰምተሽ ማስረጃው ካሳመነሽ ሐሳብሽን ለመለወጥ አትፈሪ። እልህ ይዞሽ ብቻ እንዳትቆሚ።

ጸሎትን በተመለከተ አንድ ነገር ላንሣ፤ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁና። እ.ኤ.አ. በ2017 በፍሎሪዳ የኮንግረስ አባል የነበሩት ኮሪን ብራውን በበጎ አድራጎት ስም በተፈጸመ ማጭበርበር ተከስሰው ሲዳኙ፣ ከጁሪው አንዱ መንፈስ ቅዱስ ንጹሕ መሆናቸውን እንደነገረው ለሌሎቹ ተናገረ። ዳኛው አሰናብተውት በሌላ ተተካ፤ ጥፋተኛም ተባሉ። ነገሩ በይግባኝ ሲታይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው፤ ሰውየው ማስረጃውን እየመዘነ እንደነበር ተናግሮ ሳለ ስለ ጸሎቱ ብቻ መነሣት አልነበረበትም ብሎ። ስለዚህ መጸለይሽን ማንም አይከለክልሽም። እኔ የምመክርሽ ግን የሰሎሞንን ጸሎት ጸልዪ፤ ክፉውን ከመልካሙ የሚለይ ልብ ለምኚ። ሰሎሞን ያን ጸልዮ ሲያበቃ ሁለቱ ሴቶች በሕፃኑ ሲካሰሱ ራእይ አልጠበቀም፤ ሰይፍ አስመጥቶ መረመረ፣ የማን ልብ እንደሚራራ አየ። አንቺም በጁሪው ክፍል «ሕልም አየሁ፣ ልቤ ነገረኝ» አትበዪ። ምስክሩ ምን አለ? ሰነዱ ምን ያሳያል? በዚህ ተነጋገሪ።

ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ጉዳዩን ለማንም አትናገሪ፤ ለባልሽም ቢሆን። ለንስሐ አባትሽም «አባቴ፣ ለፍርድ ተቀምጫለሁና ይጸልዩልኝ» ብትያቸው ይበቃል፤ የነገሩን ዝርዝር አትንገሪያቸው፣ ምን ልወስን ብለሽም አትጠይቂያቸው። በስልክሽም ስለ ተከሳሹ አትፈልጊ። በዚያ ወንበር ላይ ሊሰማ የሚገባው በችሎት የቀረበው ብቻ ነው።

መሐላውን በተመለከተ መፍራትሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ በየነገሩ «ማርያምን፣ ሚካኤልን» የምንል ብዙ ነንና። ጌታ በተራራው ስብከት «ከቶ አትማሉ» ብሎ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» አለ። አፈወርቅም በአንጾኪያ ሳለ ስለ መሐላ ሕዝቡን ደጋግሞ ገሥጿል። በዚያ አገር ፍርድ ቤት ግን መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሳይምሉ በቃል ማረጋገጥ ይፈቀዳል። ለጸሐፊው ወይም ለዳኛው «አልምልም፣ በቃሌ አረጋግጣለሁ» ብትያቸው የእግዚአብሔርን ስም ሳትጠሪ ትገቢያለሽ። ይህ ለአንቺ ተብሎ የሚደረግ ልዩ ውለታ አይደለም፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ራሱ ለባለሥልጣናት ቃለ መሐላን ከማረጋገጫ ጎን ለጎን አስቀምጧል። በመሐላም ይሁን በማረጋገጫ የተናገርሽው ቃል ያስርሻል።

ገንዘቡን በአጭሩ። አሠሪሽ በጁሪ ምክንያት ሊያባርርሽ አይችልም፤ የቀረሽበትን ሰዓት እንዲከፍልሽ ግን ሁልጊዜ አይገደድም። የጁሪ አበል ትንሽ ነው፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት በቀን 50 ዶላር ሲሆን በብዙ ግዛቶች ከዚያ ያንሳል። ጉዳቱ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ደመወዝሽን አስረድተሽ በጽሑፍ አመልክቺ። መጥሪያውን ግን መሳቢያ ውስጥ ጥለሽ አትርሺው፤ መቅረት በራሱ ያስቀጣል።

የቀኑ ነገር ቀረ። ረቡዕ አይሁድ በጌታ ላይ የመከሩበት ቀን ነው፤ ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ይከተላሉ። ክርክር ከተጀመረ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ስቅለትን በችሎት ልትውዪ ትችያለሽ። እንደ እኔ ሐሳብ ቀን ይዛወርልኝ ብለሽ ጠይቂ፤ የመጀመሪያው ማዛወር በአብዛኛው በቀላሉ ይሰጣል፣ በመጥሪያው ላይ ባለው ስልክ ወይም ድረ ገጽ ይደረጋል። እነርሱ የሚያውቁት የምዕራቡን ፋሲካ ስለሆነ «የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የሕማማት ሳምንት ነው፣ ቀኑም ከእናንተው ሊለይ ይችላል» ብለሽ ግለጪላቸው፤ የምትችዪበትንም ቀን ጻፊላቸው። ባይፈቅዱልሽ ሂጂ። ጾሙን የምትጾሚበትን ሰዓት የንስሐ አባትሽ ይወስኑልሽ፤ ስግደቱን ከችሎት መልስ ትፈጽሚዋለሽ። ራብ ራስሽን እያዞረሽ የሰው ክርክር በቅጡ ልታዳምጪ አትችዪምና ይህንንም ለእርሳቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው።